በፋሲካ ደቡብ ኦሞ ለመሄድ፦ ፎር ዊል ስላለሽ የትም ትገቢያለሽ ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እህት ያገለገለች ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ገዝታለች። ናፍጣ ናት፣ ካምቢዮዋ ማኑዋል ነው፣ ፎር ዊል (አራቱንም ጎማ በሞተር የሚያዞር) አላት። ለፋሲካ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከአዲስ አበባ ተነስታ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጋ ቱርሚ፣ ከዚያም ጂንካና ማጎ ፓርክ መሄድ ፈልጋለች። ከተማ ውስጥ 12 ዓመት ነድታለች። «ክረምት ስላልሆነ መንገዱ ደረቅ ነው። ሰፈር ያሉት ወንዶች ደግሞ ፎር ዊል ካለሽ የትም ትገቢያለሽ ይሉኛል። ፎር ዊሉን መቼ ነው የማስገባው? ምን ይዤ ልሂድ? ዊንችስ ላስገጥም?» ብላለች። (ዊንች መኪናው ፊት ላይ ተገጥሞ ካቦ እየጠቀለለ የሚጎትት ሞተር ነው።)

እህቴ፣ ከመኪናው በፊት ስለ ሰማዩ እናውራ።

«ክረምት ስላልሆነ» ያልሽው የአዲስ አበባ ሰው አነጋገር ነው። የደቡብ ኦሞ ቆላ ዋና ዝናቡን የሚያገኘው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ አነስ ያለ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ እኛ እዚህ ጃንጥላ ይዘን ስንሮጥ ቱርሚ አቧራ ሊሆን ይችላል። ፋሲካ ማለት እዚያ ዝናቡ መሀል ነው። አትሂጂ አልልሽም። እንዲያውም አገሩ አረንጓዴ ለብሶ የሚያምረው ያኔ ነው። ግን ዕቅድሽ ላይ ምንም የማትሠሪባቸው ሁለት ቀናት ጨምሪ። ብዙ ሰው የሞላ ወንዝ ውስጥ የሚገባው ድፍረት ኖሮት አይደለም፤ «ነገ ሥራ እገባለሁ» ብሎ ነው።

የሰፈር ወንዶች ያሉሽን እኔም ድሮ አምን ነበር። ቱሪስት ጭኜ በዚያ መስመር 19 ዓመት ተመላልሻለሁ። አሁን ወገቤ እምቢ ብሎ ጋራዥ ውስጥ ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ሚያዝያ ማጎ ውስጥ ዝናብ መጣ። ሃያ ደቂቃ ቢዘንብ ነው። መንገዱ ዋልካ ነበር፤ ያ ጥቁር አፈር፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው። እኔ ፎር ዊል አስገብቼ ቀጠልኩ። ሃምሳ ሜትር ያህል እንደሄድኩ መሪው ቀለለብኝ። ወርጄ ሳይ ጎማው ጎማ አይመስልም። ጥርሱ በሙሉ በጭቃ ተደፍኖ እንደ ድስት ልሙጥ ሆኗል። አራቱም ይዞራሉ፣ መኪናው ግን ወደ ጎን ወደ ቦዩ ይሄዳል። በአካፋ ስንቆፍር ጭቃው ከአካፋው አይለቅም፤ በእጅ መላጥ ነበረብን። የገንዲ ዝንቡ ደግሞ በሸሚዝ ላይ እንኳ ይወጋል። (ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ልብስ ይስበዋል፤ ለማጎ ካኪ ወይም ነጣ ያለ ልበሺ።) እዚያው አደርን። በማግስቱ ፀሐይ ወጥቶ እኩለ ቀን ሲሆን አፈሩ ጠጠር አለ፤ ማንም ሳይጎትተን በራሳችን ወጣን። ዝናቡ ሲጀምር ቆሜ ብጠብቅ ኖሮ እዚያው ማደሬ ባይቀርም ቁፋሮው ግን ይቀርልኝ ነበር።

ፎር ዊል ሌላ መኪና የማይገባበት ያስገባሻል። ለዚህ ነው ፎር ዊል ያለው ሰው ሲቀረቀር እርዳታ ከማይደርስበት ቦታ የሚቀረቀረው።

አሁን ወደ መኪናዋ። ያገለገለች ስለሆነች ፎር ዊሉ መሥራቱን ለብቻው አረጋግጪ። ያለፈው ባለቤት ለዓመታት ሳይነካው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ልቅ ጠጠር ያለበት ዳገት ፈልጊ፣ ፎር ዊል አስገቢ፣ ሰው ከጎን ርቆ ቆሞ የፊት ጎማውን ይይልሽ። ፊተኛው ሳይጎትት ኋለኛው ብቻ ጠጠር የሚበትን ከሆነ ወደ ጋራዥ ነው። አንዳንድ የቆዩ ሃይሉክሶች ላይ የፊት ቸርኬው መሀል በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ። እሱ ካልተቆለፈ ጋቢና ውስጥ ያለውን ማርሽ ብታስገቢም የፊት ጎማው አይጎትትም። በዚህ ምክንያት «ፎር ዊሉ ተበላሽቷል» ተብሎ ካምቢዮ የተፈታበት መኪና እኔ ጋ መጥቶ ያውቃል።

ቀጥሎ ስኮርታ ጎማ። ሃይሉክስ ላይ ስኮርታው ያለው ከጭነት ሳጥኑ ሥር ነው፤ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ በረጅም ብረት እየተዞረ የሚወርድ። ቤትሽ ደጅ ላይ ቆመሽ አውርጂው። በራስሽ እጅ። የስንቱ ሰንሰለት ዝጎ እንደተጣበቀ ብታዪ! ይህን ነገር ወይጦ አካባቢ በ38 ዲግሪ ሙቀት ከማወቅ ቤትሽ ደጅ ማወቅ ይሻላል። ካወረድሽው አይቀር ንፋሱንም ለኪ። ከዚያ ክሪኩን አውጥተሽ አንድ ጎማ ፈትተሽ መልሺ። የጎማ ቡሎኑን ጎሚስታ በማሽን አጥብቆት ከሆነ በመኪናዋ መፍቻ ላይላላልሽ ይችላል። ያኔ ረዘም ያለ እጀታ ያለው መፍቻ ግዢ። ክሪኩ አፈር ላይ ስለሚሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላም ያዢ፤ የክንድ ርዝመት ያለው ይበቃል።

ጎማዎቹን በጥርሳቸው ጥልቀት ብቻ አትመዝኚ። ጎናቸው ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ ጎኑ ይሰነጠቃል፤ ቆላ ላይ ሙቀትና ድንጋይ ሲያገኘው ይፈነዳል። ለስላሳ የከተማ ጎማ ከሆነም ቀይሪው። ለዚህ ጉዞ ገንዘብሽን አንድ ነገር ላይ ብቻ አውጪ ብትዪኝ ጎማ ላይ ነው የምልሽ።

የቀረውን ማንም ደህና መካኒክ ያይልሻል፦ ዘይት፣ ቺንጋ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ የባትሪ ማሰሪያ፣ ባሌስትራ። የአየር ፊልትሮውን ግን በየምሽቱ ራስሽ አውጥተሽ አራግፊ። ኮንሶን አልፈሽ ከአስፋልት ስትወጪ አቧራው ሌላ ነው።

ጭነት ላይ አንድ ነገር ልበል። ፖርቶ መጋላ ላይ ናፍጣ በጄሪካን፣ ውሃ፣ ድንኳን፣ የበግ ሥጋ በሳጥን የሚቆልል ሰው አለ። መኪና የሚገለበጠው ከላይ ሲከብድ ነው። ከባዱን ሁሉ ከታች፣ ከኋላ ጎማው ወደ ፊት አድርገሽ ጫኚና እሰሪ። ናፍጣው ጋቢና ውስጥ አይግባ። የመጠጥ ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር አስቢ፤ ካልተቀረቀራችሁ ይተርፋል፣ ከተቀረቀራችሁ አይበዛም።

ዋናው ጥያቄሽ «መቼ ነው የማስገባው?» ነው።

አስፋልት ላይ አታስገቢ። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ይረሳዋል። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ሰፋ ያለ ክብ ይዞራሉ፤ ማለትም የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ያንቺ ዓይነት ሃይሉክስ ላይ ፎር ዊል ሲገባ ፊትና ኋላ አንድ ላይ ይታሰራሉ፣ እኩል መዞር ግድ ይሆንባቸዋል። አፈር ላይ ጎማው ትንሽ ሸርተት ብሎ ልዩነቱን ያስተካክለዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ መሸርተት የለም። ጭንቀቱ ሁሉ ዘንጉና ጥርሱ ላይ ይከማቻል። መሪው ይከብድሻል፣ መኪናዋ እየታጠፈች ትንገጫገጫለች፣ ማርሹን ላውጣ ስትዪ እምቢ ይላል። እንዲህ ከሆነብሽ አትታገዪው። ቀጥ ብለሽ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂጂ፣ ይለቃል።

ከአስፋልት ወጥተሽ ልቅ ጠጠር፣ አሸዋ ወይም እርጥብ አፈር ስታዪ ፈጣኑን ፎር ዊል፣ 4ኤች የሚለውን፣ አስገቢ። ቀስ እያልሽ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እየሄድሽም ይገባል። ከባዱን፣ 4ኤል የሚለውን፣ ለማስገባት ግን መቆም አለብሽ፤ ፍሪሲዮን ረግጠሽ ነው። እሱ ጉልበት ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም። ለገደል ቁልቁለት፣ ለድንጋያማ ዳገት፣ ለወንዝ መሻገሪያ ነው።

አንዳንድ የድሮ ሾፌሮች «ፎር ዊል ለመውጫ ነው፤ በሁለቱ ግቢ፣ ስትያዢ አራቱን አስገቢ» ይላሉ። ብዙ ያስተማሩኝ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ግን አልስማማም። ኋለኛው ጎማ ጉድጓድ ከቆፈረ በኋላ አራቱም ቢዞሩ መኪናዋ ሆዷ ላይ ተቀምጣለች። ከመግባትሽ በፊት አስገቢ። ከእነሱ የምወስደው ግን አንድ ነገር አለ፤ ፎር ዊል አስገብተሽም አልሄድ ካለ፣ ያ የመመለሻ ምልክት ነው።

አንድ ጎማ ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ወይም ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር፣ ጓደኛው ደግሞ ደረቅ መሬት ላይ ዝም ብሎ ሲቆም አይተሽ ይሆናል። ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል በቀላሉ ለሚዞረው ጎማ ስለሚለቅ ነው። መኪናሽ የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ ካላት ለዚህ ነው የተሠራው። ቀጥ ብለሽ፣ በቀስታ፣ ለጥቂት ሜትር፤ ከዚያ ወዲያው አጥፊው። ቆልፈሽ መታጠፍ የለም።

ወደ አሸዋ ልምጣ፤ ቱርሚ አካባቢ የምትገናኙት እሱ ነው። የካስኬ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፤ ሰፊ፣ ነጣ ያለ አሸዋ ነው። ሰው አይቶት «ሜዳ ነው» ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ይሰምጣል።

የአሸዋ መድኃኒቱ ንፋስ ማውጣት ነው። አስፋልት ላይ ንፋሱ 35 ፒ.ኤስ.አይ. የነበረውን ጎማ ወደ 18 ወይም 20 አውርጂው። ጎማው ይለሰልሳል፣ መሬት የሚነካበት ርዝመት ይጨምራል፣ አሸዋውን መቁረጡን ትቶ በላዩ ይሄዳል። ለውጡን ራስሽ ታዪዋለሽ፤ ሁለት ሜትር መሄድ ያቃታት መኪና በዚያው ሞተር፣ በዚያው ሾፌር ትወጣለች። ግን ሁለት ነገር። በለሰለሰ ጎማ መሪ በኃይል አትጠምዝዢ፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ደግሞም መልሰሽ መሙያ ከሌለሽ አታውጪ። ከባትሪ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ንፋስ መሙያና መለኪያ ያዢ። በለሰለሰ ጎማ ጠጠር መንገድ ላይ መብረር ጎማውን ከውስጥ ያቃጥለዋል። ቅርቡ ጎሚስታ ደግሞ ሰዓታት ይርቃል።

አሸዋ ውስጥ ስትነጂ ፍጥነትሽ አይዋዥቅ። ማርሽ መቀያየር አታብዢ። መቆም ካለብሽ ፍሬን አትያዢ፤ ነዳጅ ለቀቅ አድርገሽ ራሷ ትቁም። ፍሬን ከጎማው ፊት የአሸዋ ክምር ይሠራል፣ ስትነሺ እሱን መውጣት ይሆናል ሥራሽ። ጎማው መሽከርከር ከጀመረ ሦስት እስክትቆጥሪ እንኳ አትጠብቂ፣ ልቀቂው። ወደ ኋላ በራስሽ ዱካ ውጪ፤ የረገጥሽው አሸዋ ጠንክሮ ይጠብቅሻል።

ስለ ወንዝ ግን ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ።

ድሬዳዋን የምታውቂ ከሆነ ደቻቱን ታውቂዋለሽ። ከተማው መሀል የሚያልፍ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ክረምት አንድ ሌሊት ከተራራው የወረደ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በዚያው ክረምት ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች አካባቢ መቶዎች ሞቱ። ውሃው የመጣው ሌላ ቦታ ከዘነበ ዝናብ ነው። አንቺ ቆመሽ ፀሐይ እየሞቅሽ ሊሆን ይችላል፤ ደጋው ላይ የጠቆረ ሰማይ ካየሽ ግን አሸዋው ላይ አትዘግዪ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ግራር ጥላ ሥር ምሳ መብላት ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ዳሩ ላይ ብሉ። ድንኳንም እዚያ አይተከልም። ትንሽ የነበረ ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ እንደ መኪና የሚያጓራ ድምፅ ከሰማሽ፣ ዕቃ አትሰብስቢ፤ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ።

ውሃ ያለበትን ለመሻገር መጀመሪያ ውረጂና እዪ። ጥልቀቱን በእግር መለካት ጥሩ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለየው ወንዝ ላይ ግን አዞ ሊኖር ስለሚችል የአገሩን ሰው ሳትጠይቂ እግርሽን አታስገቢ። ዳር ላይ ፍየል የሚጠብቁ የሐመር ልጆች የትኛው ጋ አሸዋው ጠንካራ እንደሆነ ያውቃሉ። የትናንትናውን መኪና የት እንደተያዘም በጣታቸው ያሳዩሻል፤ እየሳቁ። አምራቹ ለቅርብ ጊዜ ሃይሉክሶች እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይፈቅዳል። እሱ ለቆመ ውሃ ነው። በፍጥነት የሚሄድ ውሃ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ፒክአፕ አንስቶ ይወስዳል። እኔ ለአንቺ የምሰጥሽ ልክ ጉልበትሽ ነው። ከጉልበት በላይ ሆኖ የሚሮጥ ውሃ ከሆነ ቁጭ ብለሽ ቡና አፍዪ። የቆላ ጎርፍ እንደመጣ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

ስትገቢ በከባዱ ፎር ዊል፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ የሰው እርምጃ ያህል ፍጥነት፣ ሳታቆሚ። ቀበቶ ይፈታ፣ መስኮት ይከፈት። መሀል ላይ ሞተሩ ቢጠፋ መልሰሽ አታስነሺ። ውሃ በአየር መሳቢያው ገብቶ ከሆነ ፒስተኑ ውሃ መጭመቅ ስለማይችል የሚታጠፈው ብረቱ ነው፤ ሞተር አለቀ ማለት ነው። ተሻግረሽ ስትወጪ ፍሬኑን ደጋግመሽ ነካ ነካ አድርጊ፣ ይድረቅ። ቤት ስትመለሺ የዲፈረንሻሉን ዘይት ለመካኒክ አሳዪው። ሻይ በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ይቀየር።

ቁልቁለትን ባጭሩ፦ ከባዱ ፎር ዊል፣ አንደኛ ማርሽ፣ እግርሽ ከፍሪሲዮን ይነሳ። ሞተሩ ይያዛት። ዳገት መሀል ብትቆምብሽ መኪናዋን ወደ ጎን አታዙሪ፣ የምትገለበጠው ያኔ ነው። ቀጥ ብለሽ በኋላ ማርሽ ውረጂ።

ከተያዛችሁ ሰው ይሰበሰባል፤ አገራችን ነው። ለመግፋት ስንት እንደምትከፍሉ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ በኋላ ከመጨቃጨቅ ያድናል። የሚገፋ ሰው ከሚሽከረከር ጎማ ኋላ አይቁም። የጭነት መኪና መጥቶ በሽቦ ካቦ ልጎትት ካለ፣ ከመኪናሽ አካል ጋር በቡሎን የታሰረው መጎተቻ ላይ ይታሰር። ተጎታች የሚያያዝባት ክብ ኳስ ላይ በጭራሽ አይሆንም። ኳሷ ስትሰበር እንደ ጥይት ነው የምትሄደው፤ በሌላ አገር ሰው ገድላለች። የተወጠረ ካቦም ሲበጠስ ይገርፋል። ካቦው ላይ ብርድ ልብስ ወይም ከባድ ጃኬት ጣሉበት፣ ሰው ሁሉ ከካቦው ርዝመት በላይ ይራቅ፣ ልጆች በሌላ አቅጣጫ። «ምንም አይሆንም» የሚል ደፋር አይጠፋም። እሱንም አርቂው።

ማጎን በተመለከተ፣ ብቻሽን በአንድ መኪና ከሆነ በዝናብ ወቅት አትግቢ። ሁለተኛ መኪና ፈልጊ። ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዘሽ ነው የምትገቢው፤ እሱ «ዛሬ አይሆንም» ካለ አትለማመጪው። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ጂንካ ለሆነ ሰው የምትመለሺበትን ሰዓት ተናግረሽ ውጪ፤ ካልመጣሽ ማንን እንደሚጠራም ጭምር።

ዊንች? አታስገጥሚ። ከባድ ነው፣ የመኪናዋን አፍንጫ ያጎብጣል፣ የሚታሰርበት ዛፍ በምትፈልጊበት አቅጣጫ አይገኝም፣ አያያዙን ለማያውቅ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። በዚያ ገንዘብ ደህና ጎማ፣ ንፋስ መሙያ፣ መለኪያ፣ አካፋና ጠንካራ መጎተቻ ገመድ ይገዛል፤ ለአርባ ምንጭ ዓሣም ይተርፍሻል።

አሁን ግን ወደ መኪናዋ ውረጂና የአምስቱንም ጎማ አራት አሃዝ አንብበሽ ላኪልኝ። አምስተኛው ከሥር ያለው ነው፤ እሱን ለማንበብ ማውረድ ይኖርብሻል።